የእናቴን ሥራ ጻፉልኝ

ለከተማችን አስተዳደር ጽሕፈት ቤት

ግልባጭ፦ ለቀበሌያችን፣ የገበያ ጉዳይ ለሚመለከተው ክፍል፣ ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣ ሰው ሁሉ

ጉዳዩ፦ ከጉሊት ስለተነሡ ሴቶችና ስለ አንዲት ሟች የሥራ ማስረጃ

የተከበራችሁ የአስተዳደሩ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የጉሊት ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ ሆኜ ነው። ዕቁባችን 43 ሴቶች ነበሩት። አሁን 42 ነን። የጎደለችው እናቴ ናት፤ ጥር 2017 ዓ.ም. አረፈች። ስሟን እዚህ አልጽፍም። በሕይወት ሳለች ስሟ ወረቀት ላይ ሲሰፍር አትወድም ነበር። «ወረቀት ከመጣ ክፈሉ ሊለን ነው» ትላለች። የከተማችንንም ስም አልጠራም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ካሉት የደጋ ከተሞች አንዷ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያነጋባት። እናንተ ታውቋታላችሁ። ሌላው አንባቢ የራሱን ከተማ ቢያስብ ብዙ አይሳሳትም።

ነገሩን ከኋላ ልጀምረው።

እናቴ ስትሞት ባንክ ደብተሯ ላይ ጥቂት ብር ነበራት። ለማውጣት የወራሽነት ማስረጃ አምጡ ተባልን። ለዚያ ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሄድኩ። ጸሐፊዋ ጥሩ ልጅ ናት፤ አላመላለሰችኝም። ጽፋ፣ ማኅተም አሳርፋ ሰጠችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። «የቤት እመቤት የነበሩትና የሚተዳደሩበት ሥራ ያልነበራቸው ወይዘሮ…» ይላል።

ተመልሼ ገባሁ። «እናቴ እኮ ጉሊት ነበረች» አልኳት።

«አውቃለሁ፤ ሽንኩርት የምገዛው ከእሳቸው ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ?»

«ንግድ ፈቃድ ከሌላቸው ነጋዴ ብዬ አልጽፍም። ደሞዝ ከሌላቸው ሠራተኛ ብዬ አልጽፍም። የቀረው የቤት እመቤት ነው።»

ልጅቷ ላይ ቂም የለኝም። እንደታዘዘችው ነው የጻፈችው። ቤት ስገባ ግን አልጋው ሥር ያሉትን የኒዶ ጣሳዎች ጎትቼ አወጣሁ። ሦስት ናቸው። ውስጣቸው የገበያ ትኬት ነው። የእናንተ ትኬት። ትኬት ቆራጩ በየቀኑ ይመጣል፤ ጉሊት የተቀመጠ ሁሉ ይከፍላል። መጀመሪያ 50 ሳንቲም ነበር። ከዚያ 1 ብር፣ 2 ብር፣ 5 ብር እያለ መጨረሻ ላይ 10 ብር ገባ። እናቴ አንዱንም አልጣለችም። ቢጫ አለ፣ ሮዝ አለ። የቆየው ቀለሙ ጠፍቶ ማኅተሙ ብቻ ቀርቷል። አንድ ማታ ከእህቴ ጋር ተቀምጠን መቁጠር ጀመርን። 1,900 ስንደርስ እህቴ እንባዋ መጣና ተውነው። የመጀመሪያውን ጣሳ እንኳ አልጨረስንም ነበር።

ሥራ ከሌላት የምን ሒሳብ ስትቀበሏት ኖራችሁ?

ሥራዋ በመዝገብ ስለሌለ እዚህ ላስፍረው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

የመንዝ ልጅ ናት። የበግ ጠጉር ስትፈትል ነው ያደገችው። እናቷ ፈትለው ያሠሩት ባና ነበራት። ጉሊት ስትቀመጥ አጥፋ ከሥሯ ታደርገዋለች፤ ብርዱ ሲጠና አውጥታ እግሯ ላይ ትጠመጥመዋለች። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ማታ ማታ፣ በኩራዝ። በዚያችው ፊደል ውዳሴ ማርያምን በአማርኛ ትደግማለች። ጋዜጣም ሆነ የመንግሥት ደብዳቤ ግን «ዓይኔ አይዝልኝም» ብላ ለእኔ ነው የምትሰጠኝ።

አባታችን ወታደር ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ታሞ መጣ። ሁለት ዓመት አልሞላውም። አራት ልጆች ነበርን፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። በ1985 ዓ.ም. የአባታችን አርባ እንደወጣ እናቴ ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት በዱቤ አነሣች። ከቤተ ክርስቲያኑ በርና ከመናኸሪያው መሐል ማዳበሪያ ዘረጋች። እዚያችው ቦታ 31 ዓመት ተቀመጠች።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። ኩበት አያይዛ ለእኛ ቁርስ የሚሆን ነገር ትጥዳለች። 11 ሰዓት ላይ ኪዳን ትደርሳለች። ኪዳኑ ሲያልቅ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የጫነው አይሱዙ ከመናኸሪያው ጀርባ ቆሟል። ያ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ነው የሚያድረው። ከቆላ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ጣርማበር ላይ ሲወጣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። ሾፌሩ በሸሚዝ ተነሥቶ ጋቢ ለብሶ ይወርዳል። ሴቶቹ አንዱን ኩንታል ለሁለት ለሦስት ይካፈሉታል። እናቴ ድርሻዋን በጀርባዋ ነበር የምታመጣው። ለተሸካሚ መክፈል የጀመረችው ስድሳ ካለፋት በኋላ ነው፤ እሱንም እያጉረመረመች።

ከዚያ መለየት አለ። ትልቁ ለብቻ፣ ደቃቁ ለብቻ። የበቀለው ወደ ቤት። እኛ ልጆቿ ያልበቀለ ሽንኩርት የቀመስነው ደሞዝተኛ ከሆንን በኋላ ነው። ኪሎ ለሚፈልግ ሚዛን አላት። ለሌለው በመደብ ትደረድራለች፣ አምስት አምስት እያደረገች። ምርቃት ሁልጊዜ አለ፤ አንድ ራስ ትጨምራለች። የተላከው ልጅ ከሆነ ሁለት።

ቦታዋ ለቤተ ክርስቲያኑ ቅርብ ስለሆነ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዲያቆኑ «ተንሥኡ» ሲል እናቴ ሚዛኑን ትታ ትነሣለች። ገበያተኛው አብሮ ይቆማል፤ ምን ያድርግ? ወንጌሉ ተነቦ እስኪያልቅ ድንቹ እንደተንጠለጠለ ነው። የለመዷት ሰዎች አይቆጡም። አዲስ የመጣ ሰው ካለ ግን ጎረቤቷ «ትንሽ ነው፣ አሁን ትመለሳለች» ትለዋለች።

ሰንበት አትሸጥም። በወር በ21 ቅዳሴ ሳይወጣ ገንዘብ አትነካም። ሑዳዴ ዋናው ገበያዋ ነበር። 55 ቀን ሰው ሁሉ ሽሮና ምስር ሲበላ ሽንኩርት ይሄዳል። እሷ ቀኑን ሙሉ የሰው ወጥ ማጣፈጫ ስትመዝን ትውላለች፤ ራሷ እስከ 9 ሰዓት እህል አትቀምስም። የፋሲካ ዋዜማ የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሸጣ ስትጨርስ መሽቷል። እጇን በሎሚ አሽታ፣ ነጠላዋን ቀይራ ለማኅሌት ትሮጣለች። ነጠላው ቢቀየርም የሽንኩርቱ ሽታ አይለቃትም ነበር። ልጅ ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማገኛት በሽታው ነው።

ገበያተኛ ሲጠፋ እንዝርቷን ታወጣለች። ጉሊት ላይ የምትፈትለው ጥጥ ለጧፍ ነው። ዕጣንና ዘቢብም ለወር በዓሉ ከመቀነቷ ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ጻድቃኔ ማርያም ትሄዳለች፤ ጠበሉን በጀሪካን ይዛ ትመለስና ለጉሊቱ ሁሉ ታድላለች።

ጻድቅ ነበረች እያልኩ አይደለም። ደላላ ስትሳደብ የመናኸሪያው ወያላ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ንስሐ አባቷ በር ላይ ሲያገኟት «ዛሬስ?» ይሏታል። «ዛሬም» ትላቸዋለች።

ኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ አይሱዙው ቀረ። ሽንኩርት ጠፋ፤ ሰው ግን በዛ። ከቤታቸው የወጡ ሰዎች ፌስታል ይዘው መጡ። ከእነሱ አንዷ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት፣ እናቴ አጠገብ ቆማ ዋለች። እናቴ ማዳበሪያዋን አጠፈችና ግማሹን ቦታ ሰጠቻት። አሁን ከ42ቱ አንዷ ናት። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ አቤቱታው። የመጀመሪያውን ተናግሬያለሁ፤ ደብዳቤው ነው።

ሁለተኛው የመነሣታችን ነገር ነው። ነሐሴ 2016 ዓ.ም.፣ ፍልሰታ ከገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ዞረች። «ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መናኸሪያው የተቀመጣችሁ ሕገ ወጦች በሦስት ቀን ውስጥ እንድትነሡ» አለች። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ከተማዋ ልታምር ነው። ከሴቶቹ ግማሾቹ ቅዳሴ ላይ ስለነበሩ አልሰሙም። መንገድ መስፋቱን ማንም አልጠላም። እናቴ ራሷ «ይስፋ፣ መኪና ልጅ ሊጨርስብን ነው» ትል ነበር። ያመማት «ሕገ ወጥ» መባሏ ነው። «እኔ? በየቀኑ ትኬት የቆረጥኩት?» አለች። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሁሉ መተዳደሪያውን የመምረጥ መብት አለው ይላል። እኔ ነኝ ያነበብኩላት። ሰማችኝና «እሱን ለሞንታርቦው ልጅ አንብቢለት» አለችኝ።

ሦስት ቀን የተባለው ሁለት ቀን ሆነ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ጃንጥላ ተሰበረ፣ ሸራ ተጠቀለለ። 11 ሚዛን ተወሰደ። የማን እንደሆነ፣ ስንት ድንጋይ እንደነበረው ጭምር ዕቁብ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ። ሁለት ሴቶች 300 300 ብር ቅጣት ከፍለው ደረሰኝ ተቀበሉ። ሚዛኑን ግን እስካሁን አላዩትም። የእናቴ ሚዛን ከ11ዱ አንዱ ነው። አንደኛው ሳህኑ ጎድጎድ ያለ፣ ሰንሰለቱ በሽቦ የተጠገነ። ከመጋዘናችሁ ካለ በዚህ ታውቁታላችሁ።

ምትክ የተባለው ቦታ ከዳገቱ በላይ ነው። ከመናኸሪያው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ተላላፊ የለውም። ጉሊት ደግሞ የተላላፊ ገበያ ነው፤ ከሥራ የሚመለስ ሰው እግረ መንገዱን የሚገዛው። አንድ ኪሎ ቲማቲም ሊገዛ ዳገት የሚወጣ ማን አለ? 20 ሼድ ተሠራ። ዕጣ የሚወጣው ንግድ ፈቃድ ላለው ነው ተባለ። ከእኛ 7 ሴቶች ደረሳቸው። ሌሎቹን 13 ባለ ሼዶች በጉሊት አይተናቸው አናውቅም። ከየት እንደመጡ ጠይቀን መልስ አላገኘንም። ከእነዚያ ሼዶች አብዛኞቹ ዛሬም ዝግ ናቸው።

ያልደረሳቸው ምን ሆኑ? ሁሉንም አልዘረዝርም፤ ሦስቱን ብቻ።

ከላይ ያነሣኋት ተፈናቃይ «መታወቂያሽ የሌላ ቀበሌ ነው» ተብላ ዕጣ ውስጥ አልገባችም። አሁን ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። የምታገኘው የቤት ኪራይ አይሸፍንም። ትልቁ ልጇ ዘንድሮ ትምህርት አልተመዘገበም፤ መናኸሪያው በር ላይ ማስቲካ ይሸጣል።

ቃሪያና ቆስጣ የምትሸጥ ልጅ አለች፣ መንታ የወለደች። በሰፌድ ይዛ ትዞራለች። ደንቦች ሲመጡ ትሮጣለች። ባለፈው ወር አንዱን ልጅ አዝላ ስትሮጥ ወደቀች። ልጁ ምንም አልሆነም፤ እሷ ክንዷ ተሰብሮ በወጌሻ ታስሯል። ቃሪያውን አስፋልት ላይ ባጃጅ ሄደበት።

ጤና አዳምና በሶብላ የሚሸጡ አንዲት እማማ ነበሩ። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። በቀን የሚያገኙት ለዳቦና ለሻይ ነው። እሳቸው ዳገቱን አልሞከሩትም። ቤት ናቸው። ዕቁቡን ሲተዉ «ደብተሩ ላይ ስሜን አትሰርዢው፣ ዝም ብለሽ እለፊው» አሉኝ። አልሰረዝኩትም።

እናቴም ዕጣ አልወጣላትም። ሁለት ቀን ዳገቱን ወጥታ ከሼዶቹ ጎን ሜዳ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱን ቀን ተደማምሮ ሦስት ኪሎ ሸጠች። ሚዛን ተበድራ። በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ ቁጭ አለች። «እዚያ ቅዳሴው አይሰማም» አለችኝ። ምክንያቱ ጉልበቷ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ጠዋት ኪዳን ትሄዳለች፣ ከዚያው ሳትመለስ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር እንዝርቷን ይዛ ትውላለች። ከነሐሴ እስከ ጥር አምስት ወር ነው። የቀበሌው ደብዳቤ እውነት የሚሆነው ለእነዚያ አምስት ወራት ብቻ ነው።

የገደላት እሱ ነው አልልም። ስኳር ነበረባት፣ ደም ግፊት ነበረባት። ሐኪም ያላለውን እኔ አልጨምርም።

ሦስተኛው ለመጻፍ ያሳፍራል። ግን ሳልጽፈው ከቀረሁ ማንም አይጽፈውም። ሽንት ቤት ነው።

ያ ጉሊት በ31 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሽንት ቤት ኖሮት አያውቅም። መናኸሪያው ውስጥ አንድ አለ፤ ለወንድም ለሴትም በሩ አንድ ነው፣ መቀርቀሪያ የለውም፣ ብዙ ጊዜ ይቆለፋል። ስለዚህ ሴቶቹ አይጠጡም። ዘዴው ይኸው ነው። እናቴ ሌሊት 10 ሰዓት ስትነሣ አንድ ጣሳ ውኃ ትጠጣለች። ከዚያ ወዲያ እስከ ማታ 12 ሰዓት ጠብ አይልባትም። ሰው «ጾመኛ ናት» ይላታል። ጾመኛ መሆኗ እውነት ነው። ግን በፋሲካ ማግስትም አትጠጣም ነበር። እኔ ራሴ የገባኝ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አንድ የዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ጠላ ይዤላት ሄድኩ። ጣሳውን ተቀብላ ለጎረቤቷ አሳለፈችው። ጎረቤቷም አልጠጣችም፤ ለሚቀጥለው አሳለፈች። ጠላው ረድፉን ዞሮ ሳይጎድል ወደ እኔ ተመለሰ። ሁሉም ይስቃሉ።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት እስከ አምስተኛ ወሯ ትመጣለች፤ ከዚያ ይከብዳታል። ወጣቶቹ በወር አበባቸው ቀን ቤት ይቀራሉ። በወር ሦስት አራት ቀን ገበያ የለም ማለት ነው። ትኬት ቆራጩ ይህን አያውቅም። ከእናንተ ማንም ሴት ልኮ አላስጠየቀም። እናቴ ኩላሊቷን ታማ ሐኪሙ «ውኃ አይጠጡም እንዴ?» ሲላት ወደ እኔ ዞራ ሳቀች። ምን ብላ ትመልስለት?

አዲሶቹ ሼዶች ጥግ ላይ ሽንት ቤት ተሠርቷል። ውኃ አልገባለትም። በሩ ላይ ቁልፍ አለ፤ ቁልፉ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ 7ቱ ሴቶች ጠይቀው ሰልችቷቸዋል።

አራተኛው አጭር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮዋን በየዓመቱ ከፍላለች። ደብተሯ አለ። ለስኳሩም ለግፊቱም መድኃኒት ስንሄድ ብዙውን ጊዜ መልሱ «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ነበር። ይህ እናንተ ብቻ የምትፈቱት እንዳልሆነ አውቃለሁ። መዋጮውን ሰብስቡ ሲባል ግን ቤት ለቤት የዞራችሁት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ለቅሶዋ ላይ የእድሩ ድንኳን ሞልቶ ሰው ውጭ ቆሞ ነበር። ከእናንተ መሥሪያ ቤትም ሦስት ሰዎች መጥተዋል። አንዱ ተነሥቶ «ታታሪ እናት ነበሩ፣ በላባቸው ልጅ ያሳደጉ» ብሎ ተናገረ። አመሰግናለሁ። ይህንኑ የተናገረውን ነገር ቀበሌው ለምን መጻፍ እንዳቃተው ግን ያስረዳን።

በሦስተኛው ቀን ደግሞ ያልጠበቅነው ነገር መጣ። ሰዎች ንፍሮ እየዘገኑ ከጎኑ ብር ማስቀመጥ ጀመሩ። «የእትዬ ዕዳ አለብኝ» ይላሉ። እናቴ የዱቤ መዝገብ አልነበራትም፤ በቃሏ ነው የምትይዘው። እኛ ማን ምን እንዳለበት አናውቅም ነበር። 17 ሰው ከፈለ። አንዷ የአንድ ኪሎ ድንች ዕዳ ይዛ ከገጠር በእግሯ መጣች። አንዱ ደንብ አስከባሪ ነው። ደንብ ልብሱን አውልቆ፣ ጋቢ ለብሶ መጣና 140 ብር አስቀመጠ። ቀና ብሎ አላየኝም። ሚዛኗን የወሰደባት እሱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኩትም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁን ልጻፍ።

የቀበሌው ደብዳቤ ይታረም። «በጉሊት ንግድ ይተዳደሩ የነበሩ» ይበል። ብሩን አውጥተናል፤ ለሙት ዓመቷ ተቀምጧል። ስለዚህ የሚታረመው ለጥቅም አይደለም። ከእሷ በኋላ ለሚሞቱትም እንደዚያው ይጻፍ። ጡረታ አልጠየቅንም። በ2003 ዓ.ም. የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሲታወጅ በዋናነት ቀጣሪ ላለው እንደሆነ ገብቶናል።

ሼድ ያልደረሳቸው 35ቱ ሴቶች በስማቸው ይመዝገቡ። ንግድ ፈቃድ ከሌላቸው ትኬታቸውን ማስረጃ ቁጠሩላቸው። ትኬት ያልያዘች ካለች የዕቁብ ደብተሬ አለ፤ ማን ከመቼ ጀምሮ ጉሊት እንደነበረች ከእነ ቀኑ ተጽፏል። ተፈናቃይዋም አራት ዓመት ሙሉ እዚህ ኖራለችና ከዚህ ምዝገባ አትውጣ።

የተወሰዱት 11 ሚዛኖች ይመለሱ። ቅጣቱ የተከፈለው ወዲያው፣ ያልተከፈለውም ይነገረንና እንክፈል።

መንገዱ ሰፍቷል፣ አምሯል። የእግረኛ መሄጃውም ሰፊ ነው። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ በሌላው ቀን ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ድረስ በአንድ ረድፍ እንድንቀመጥ ይፈቀድልን። ስንነሣ ጠርገን እንነሣለን። የሽንኩርት ልጣጭ ቢገኝ እኔን ጠይቁኝ። ይህ አይሆንም ካላችሁ ደግሞ ዳገቱ ላይ ሼድ ጨምሩና የባጃጅ መስመር አስገቡለት፤ ዝግ የሆኑትንም ክፈቱልን።

የሽንት ቤቱ ውኃ ይግባ። ቁልፉ ሴቶቹ እጅ ይሁን። ለጽዳቱ ከዕቁባችን እናዋጣለን፤ በዚህ ላይ ተነጋግረን ጨርሰናል።

መልሳችሁን በጽሑፍ ስጡን። በቃል ሦስት ጊዜ መልሳችሁልናል፤ ሦስቱም የተለያየ ነበር። ጥር ላይ ሙት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ቢደርሰን እንወዳለን።

ጣሳዎቹ እኔ ጋ ናቸው። ማየት የሚፈልግ የመሥሪያ ቤታችሁ ሰው ካለ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት በኋላ ዕቁብ ወደምንጥልበት ቤት ይምጣ፤ መናኸሪያው ጋ የጠየቃችሁት ሰው ያሳያችኋል። መቁጠር ይቻላል፣ ፎቶ ማንሣትም ይቻላል። ይዞ መሄድ ግን አይቻልም።

ከአክብሮት ጋር፣

የጉሊት ሴቶች ዕቁብ ጸሐፊ፣
የሽንኩርት ሻጯ ትልቋ ልጅ

ኅዳር 2018 ዓ.ም.
ሰሜን ሸዋ